ጸበሉም ሐኪሙም፦ ከመጠጥ የወጣሁበት መንገድ

በየቀኑ አልኮል የሚጠጣ ሰው መጠጡን ያለ ሐኪም ክትትል በድንገት ቢያቆም ሊሞት ይችላል። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምጽፈው፣ ታሪኬን እስከ መጨረሻው የማያነብ ሰው ቢኖር እንኳ ይህችን አንዲት ነገር ይዞ እንዲሄድ ነው። እኔ ያወቅሁት ከሞት አፍ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ዛሬ ጎንደር ውስጥም ሆነ ሌላ ቦታ አንዲት ሴት በሯን ዘግታ «ከነገ ጀምሮ አልነካውም» ብላ እየማለች ሊሆን ይችላል። መሐላዋ ጥሩ ነው፤ ብቻዋን መሆኗ ግን ያስፈራኛል።

ትወናን የጀመርኩት እዚሁ ጎንደር፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ነው። በበዓል ቀን መንፈሳዊ ተውኔት እናቀርብ ነበር። እናቶች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲወስዱ ከመድረክ ላይ ሆኜ ሳይ፣ ዕድሜዬን በዚህ ሥራ እንደማሳልፍ ያን ጊዜ ወሰንኩ። ከዚያ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ጥቂት ዓመታት በቴአትር መድረክ ላይ ቆየሁ፣ ቀጥሎም በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ መታየት ጀመርኩ።

ዝና የመጣው በቴሌቪዥኑ ነው፤ ሲመጣም ጊዜ አልሰጠኝም። ታክሲ ውስጥ ሰዎች በገጸ ባሕርይዋ ስም ይጠሩኝ ጀመር። እናቶች መንገድ ላይ አስቁመው «ያን ሰውዬ አትመኚው ልጄ» ብለው ይመክሩኛል። ዝና ክፉ ነው የሚል ቃል ከእኔ አትሰሙም። የሕዝብ ፍቅር ትልቅ ጸጋ ነው፤ በሕመሜም ጊዜ በስሜ ሻማ ያበሩልኝ የማላውቃቸው ሰዎች ነበሩ። ችግሩ በእኛ አገር የሚወድህ ሰው ይጋብዝሃል፤ የሚጋብዝህም መጠጥ ነው። ሆቴል ገብቼ ገና ሳልቀመጥ ከማላውቀው ጠረጴዛ ቢራ ይላክልኛል። አልፈልግም ማለት «ዝና አኮራት» ያሰኛል። እኔ ደግሞ ኮራች መባልን ከምንም በላይ እፈራ ነበር።

ለበዓል ጎንደር ስመጣ ጓደኞቼ አዝማሪ ቤት ይወስዱኛል። አዝማሪው መሰንቆውን ይዞ ፊቴ ይቆምና ስሜን በግጥም ውስጥ ያስገባል። ከወዲያ ማዶ አንዱ «ተቀበል!» ይልና ውዳሴውን ይጨምርበታል። አዝማሪው ግንባር ላይ ብር ይለጠፋል፤ እኔ ፊት ያለው ብርጭቆ ሳይጎድል ይሞላል። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ይህች ልጅ ዛሬ በዛባት» የሚል አልነበረም። እንዴት ይኑር? ደስታቸው እኔ ነበርኩ።

በዚያን ዘመን የቢራ ማስታወቂያም ሠርቻለሁ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ወጥቶ የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ፣ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰውም እንዳይሸጥ ሲከለክል፣ ከሙያ አጋሮቼ ጋር ተቀምጠን እንጀራችን እንደ ተነካ አድርገን ነበር የተነጋገርነው። ዛሬ አዋጁን በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ። ማስታወቂያውን ያዩ ልጆች ሳቄን ብቻ ነው ያዩት፤ ቀረጻው ካለቀ በኋላ እንዴት ወደ ቤት እንደምገባ የሚያሳያቸው ማንም አልነበረም።

መጠጡ ከጨዋታ ወደ ግዴታ የተሸጋገረበትን ቀን ለይቼ አላውቀውም። ምልክቱን ግን አውቀዋለሁ፤ እጄ ነው። ጠዋት ቀረጻ ቦታ ላይ የድርሰቱን ገጽ ስይዝ ወረቀቱ በእጄ ላይ ይርገበገባል። ሰው እንዳያይብኝ ቃለ ተውኔቱን ማታውኑ በቃሌ ሸምድጄ፣ ወረቀት ሳልይዝ እገባ ጀመር። አዘጋጁ ትጋቴን በሌሎቹ ተዋንያን ፊት አመሰገነ። ከዚያ በሃይላንድ ጠርሙስ አረቄ ይዤ መዋል ጀመርኩ። ሲያዩት ውሃ ነው። ጥግ ይዤ ስጎነጭለት እጄ ቀጥ ይላል፤ ማስቲካ አኝክና ወደ ካሜራው ፊት እመለሳለሁ። ሜካፕ የምትሠራልኝ ልጅ ከዓይኔ ሥር ያለውን እብጠት በጣቷ እየዳሰሰች ዝም ትላለች። አንድ ቀን ብቻ «እትዬ፣ እንቅልፍ እየተኛሽ ነው?» አለችኝ። ተቆጣኋት።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልምከራችሁ። ጠዋት የሚንቀጠቀጥ፣ ሲጠጡ ደግሞ የሚረጋ እጅ ካላችሁ፣ ሰውነታችሁ ያለ አልኮል መቆም አቅቶታል ማለት ነው። ይህ ሕመም ነው፤ እንደማንኛውም ሕመም ሐኪም ይፈልጋል። «እኔ ጠላና ቢራ ብቻ ነው የምጠጣው» ማለትም አያድንም። ቢራ ከመቶ 5 ገደማ አልኮል አለው፤ ዳግም አረቄ ደግሞ ከመቶ 40 እና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብሎ የሚመጣውም ቶሎ የሚመጣውም መድረሻቸው አንድ ነው።

ሴት ስትሆኑ ነገሩ ሁለት ጊዜ ይከብዳል። አንደኛ፣ የሴት ሰውነት በውስጡ የያዘው የውሃ መጠን ከወንድ ያነሰ በመሆኑ፣ ያው አንድ ብርጭቆ በደማችን ውስጥ በርትቶ ይገኛል፤ ጉበታችንም ቀድሞ ይጎዳል። ሁለተኛው ነውር ነው። ወንድ ሲጠጣ «ጠጪ ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ ሴት ስትጠጣ የሚሰጣት ስም ሌላ ነው፣ አልጽፈውም። ስለዚህ እንደብቃለን፤ የምንታከመውም ብዙ ከጠፋ በኋላ ነው።

ቀረጻ ማርፈድ፣ ከዚያም መቅረት ጀመርኩ። የድራማው ሰዎች ሁለት ሦስት ጊዜ ታግሰው፣ በመጨረሻ ገጸ ባሕርይዋን ውጭ አገር ልከው ታሪኩን ያለ እኔ ቀጠሉ። ሻንጣዬን ይዤ ጎንደር፣ እናቴ ቤት ገባሁ። ለጎረቤት «ለዕረፍት መጣች» ተባለ። እናቴ ልብሴን ስታወጣ ጠርሙሱን በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘችው። በነበረበት መልሳ አስቀምጣ፣ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ይህን የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። በማግስቱ «ተነሺ፣ ጸበል እንሂድ» አለችኝ።

ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በእምነት ነው ያደግሁት፤ የጸበልን ኃይል ያን ጊዜም ዛሬም አምናለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ጸበል ሄደን ሱባዔ ያዝኩ። መጠጡን ከዚያው ዕለት ጀምሮ ጨርሼ ተውኩት፤ ምግብም እስከ ማታ አልቀምስም። በየቀኑ ምን ያህል እጠጣ እንደ ነበር ግን ለማንም አልተናገርኩም። አጥማቂው አባትም ሆኑ እናቴ የሚያውቁት «መጠጥ ታበዛለች» የሚለውን ብቻ ነበር።

ገና በመጀመሪያው ማታ ላብ አጠመቀኝ፤ ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ብቻ የነበረው መንቀጥቀጥ መላ ሰውነቴን ያዘ። በማግስቱ ሌሊት የጎጆው ግድግዳ ላይ የሌሉ ነፍሳት ሲርመሰመሱ አየሁ፤ ስሜን የሚጠራ ድምፅም ሰማሁ። አብረውን የነበሩ ሰዎች «መንፈሱ ሊለቃት ነው፤ በርቺ» አሉኝ። እኔም አመንኩ። ጎህ ሲቀድ ጸበሉ አጠገብ ወድቄ አንዘፈዘፈኝ። «ጮኸ! ጮኸ!» ሲሉ ነበር አሉ፤ እኔ የማስታውሰው ነገር የለም።

ያተረፈችኝ ልጇን ልታስጠምቅ የመጣች ነርስ ናት። ክብሪት ለኩሰው አፍንጫዬ ሥር ሊያደርጉ የቀረቡትን መልሳ፣ በጎኔ አስተኛችኝ፤ አፌ ውስጥም ምንም ነገር እንዳይከቱ ከለከለች። ከዚያ እናቴን «እማማ፣ ልጅዎ የምትጠጣው በየቀኑ ነበር? መቼ ነው ያቆመችው?» ብላ ጠየቀቻት። አጥማቂው አባት ይህን ሲሰሙ አንድም ቃል አልተከራከሩም። «ጸበሉ የትም አይሄድም፤ ልጅቱን ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት አድርሱ» አሉ። እስከ ዛሬ እጃቸውን ስስም የሚታወሰኝ ይህ ነው።

በባጃጅ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አደረሱኝ። ስረጋጋ ሐኪሟ የሆንኩትን በዝርዝር አስረዳችኝ። አልኮልን ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ሲያገኝ የኖረ አእምሮ ድንገት ሲከለከል ይቆጣል። መንቀጥቀጡና ላቡ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በሰዓታት ውስጥ ይጀምራል፤ የሚጥለው ዓይነት መንዘፍዘፍ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ነው፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢ ደግሞ ቦታንና ሰውን እስከ መሳት የሚያደርስ መቃዠት ሊከተል ይችላል። ይህ ሳይታከም ሲቀር ይገድላል። ለእኔ የተሰጠኝ ዳያዜፓም ነው፤ በሐኪም ቁጥጥር እየተቀነሰ ለጥቂት ቀናት ብቻ። የቫይታሚን ቢ 1 መርፌም ተሰጠኝ፤ ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ከሰውነቱ ስለሚሟጠጥ አእምሮው ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላልና። ጾሜንም ይዤ ስለ ነበር ጉዳቱ ብሶብኛል አለችኝ። እባካችሁ፣ ዳያዜፓም ከፋርማሲ ገዝታችሁ በራሳችሁ ለመታከም አትሞክሩ። ራሱ ሱስ ያስይዛል፤ ከአልኮል ጋር ሲቀላቀልም ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

ሐኪሟ የጠየቀችኝን አራት ጥያቄዎች ለእናንተም አስተላልፋለሁ። መጠጥ መቀነስ አለብኝ ብለሽ አስበሽ ታውቂያለሽ? ሰው ስለ መጠጥሽ ሲናገርሽ ትበሳጫለሽ? ስለመጠጣትሽ ጸጸት ተሰምቶሽ ያውቃል? ጠዋት እንደ ተነሣሽ ሰውነትሽን ለማረጋጋት ጠጥተሽ ታውቂያለሽ? ለሁለቱ እንኳ መልሳችሁ አዎን ከሆነ፣ ሄዳችሁ ሐኪም አማክሩ። የእኔ መልስ ለአራቱም አዎን ነበር፤ ለሦስተኛው ስመልስ አለቀስኩ።

ከሆስፒታል ስወጣ የከበደኝ የሰዎች ቃል ነው። «ጸበሉን አቋርጣ ወጣች፤ እምነቷ ቢጎድል ነው» ተባለ። ልቤ ተከፈለ፤ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። መጽሐፈ ሲራክን ምዕራፍ 38 ገልጠው አነበቡልኝ፤ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ፣ መድኃኒትንም ከምድር እንዳወጣና ብልህ ሰው እንደማይንቀው የሚናገረውን። «ቅዱስ ሉቃስስ ሐኪም አልነበረም እንዴ?» አሉኝ። ከዚያም «ጸበልሽንም ጠጪ፤ ኪኒንሽንም ዋጪ» ብለው በመስቀላቸው ባረኩኝ። ለእኔ የእምነት መመለሻዬ ይህች ሰዓት ናት። ስጠጣ በኖርኩበት ዘመን ቤተ ክርስቲያን ከደጅ ተሳልሜ ነበር የምመለሰው፤ ሰው እንዳያየኝ እንጂ እግዚአብሔርን ፈርቼ አልነበረም። ከዚያን ቀን በኋላ በክርስትና ስሜ የሚጠሩኝ ሰው አገኘሁ። እርሳቸው ድራማውን አላዩትም። ተዋናይት መሆኔን የሚያውቁት ከእናቴ አፍ ነው፤ ከእርሳቸው ፊት ስቀመጥ የማስመስለው ነገር የለኝም።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ትልቁ ፈተና እንቅልፍ ማጣት ነው። ይመለሳል፤ ግን ሳምንታት ይወስዳል፣ ታገሡት። ሌላው ፈተና ከቤታችን ውስጥ ወጣ። እናቴ ለማኅበሯ ጠላ ትጠምቃለች። ጋኑ በወይራ ሲታጠን ጭሱ ወደ ክፍሌ ገባና ምራቄ አፌን ሞላው። እናቴን ጠርቼ እውነቱን ነገርኳት፤ በዚያው ሰዓት ጋኑን ከነእንስራው ወደ ጎረቤት አሻገረችው። ማኅበርተኞቿም ሲሰሙ አላጉረመረሙም። ቤተሰብ የሆናችሁ፣ ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የሚያገግም ሰው ባለበት ቤት ጠላም አረቄም አይቀመጥ።

ያገረሸብኝ በጥምቀት ሰሞን ነው። ጎንደርን በጥምቀት የሚያውቃት ያውቃታል። ታቦታቱ ከፋሲለደስ መዋኛ ሲመለሱ ከተማው በሙሉ እልልታ ነው፤ እንግዳ የማይቀበል ቤት የለም። ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ፣ አንድ ዘመዳችን ጠጅ የሞላበት ብርሌ ይዞ መጣ። «ጌታ ራሱ ውሃውን ወይን ያደረገበት ቀን ነው፤ ዛሬ እንኳ ቅመሽ» አለኝ። በፍቅር ነው ያለው። ቀመስኩ። ያን ማታ ምንም አልሆንኩም፤ ያታለለኝም ይኸው ነው። «ድኛለሁ ማለት ነው፤ እንደ ሰው መቅመስ እችላለሁ» አልኩ። ፋሲካ ሳይደርስ ጠርሙሱ ወደ ትራሴ ሥር ተመልሶ ነበር።

በዚህ ጊዜ ግን አልተደበቅሁም። ሐኪሟ ጋ ሄጄ ነገርኳት። ማገርሸት የዚህ ሕመም አንዱ ጠባይ መሆኑን፣ ወድቀሻል ተብሎ ሕክምናው እንደማይቋረጥ አስረዳችኝ፤ የተቆረጠልኝን ቀጠሮም አሳጠረችው። የንስሐ አባቴን ደግሞ ስለ ቃና ዘገሊላው ጠየቅኋቸው፤ ዘመዳችን የተናገረው ልቤ ውስጥ ቀርቶ ነበርና። ጥቂት ዝም ብለው «እመቤታችን ለልጇ ወይን እኮ የላቸውም ያለችው ስለጎደላቸው ነው። አንቺን የጎደለሽ ወይን አይደለም፣ ልጄ» አሉኝ። በየዓመቱ ጥር 12 ሲመጣ ይህን ቃል ለራሴ እደግመዋለሁ።

ዛሬ እንዴት እንደምኖር ለምትጠይቁኝ፦ ድግስ ስጠራ ባለቤቲቱን ቀድሜ ደውዬ «አልጠጣም፤ ብርዝ ታዘጋጂልኛለሽ?» እላታለሁ። ቅር ያላት ሴት አላጋጠመችኝም። ብርዙ ግን የዕለቱ መሆን አለበት፤ ካደረ እየፈላ ወደ ጠጅነት ይሄዳል። ገና ስገባ ብርጭቆዬን በእጄ እይዛለሁ፤ ባዶ እጅ ያየ ሰው ሊሞላ ይመጣልና። ምግብ ሳልበላ ከቤት አልወጣም፤ ረሃብና ድካም ሲገናኙብኝ ምኞቱ እንደሚነሣ ደርሼበታለሁ። አዝማሪ ቤት አልሄድም። መሰንቆ እወዳለሁ፣ በጣም እወዳለሁ፤ ቤቴ ሆኜ እሰማዋለሁ። ምኞቱ ሲመጣ ደግሞ ከቤት ወጥቼ በቀሃ በኩል ወደ ቁስቋም ዳገቱን በእግሬ እወጣለሁ። ማዕበሉ ለዘላለም የሚቆይ ይመስላል እንጂ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ወደ ሥራም ተመልሻለሁ፤ በትንንሽ ሚናዎች ነው የጀመርኩት። ውል ስፈርም ቀረጻ ቦታ ላይ መጠጥ እንዳይኖር እጠይቃለሁ፤ ትዕይንቱ መጠጥ ካለበት ብርጭቆዬ ውስጥ የሚገባው ቀዝቃዛ ሻይ ነው፣ የማፈላውም እኔው ራሴ ነኝ። የሰካራም ሴት ሚና መጥቶልኝ ነበር፤ ጥሩ ድርሰት ነው፤ ለጊዜው ይቆየኝ ብዬ መለስኩት። በሙያው ያላችሁ እህቶቼ፣ አንድ ሚና በማለፉ የሚጠፋ ዝና የለም። አድናቂ የላከላችሁን መጠጥም «አመሰግናለሁ፣ በሻይ ይቀየርልኝ» ብላችሁ መልሱት። ከልቡ የሚወዳችሁ ሰው ሻዩን አዝዞ አብሯችሁ ፎቶ ይነሣል።

ብዙ እናቶች «ልጄ ሐኪም ቤት አልሄድም ብላለች፣ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። ጠጥታ ስትገባ ማታ አትናገሯት፤ አትሰማችሁም። ጠዋት፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሌላ ሰው ሳይኖር አነጋግሯት። «አዋረድሽን» አትበሏት፤ ያያችሁትን ብቻ ንገሯት፦ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፣ እህል አትበዪም፣ ፈርቼልሻለሁ። እምቢ ካለች ሌላ ቀን መልሳችሁ ጠይቋት፤ እሺ ስትል ደግሞ ለነገ ሳታሳድሩ አብራችኋት ሂዱ። ጸበል ከሄደችም አብራችኋት ሁኑ፤ ለአጥማቂው አባት በየቀኑ ትጠጣ እንደ ነበር ሳትደብቁ ንገሩ፤ ሐኪም ሳያያትም ጾም አታስይዟት። መጠጥ ባቆመች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተንቀጠቀጠች፣ የሌለ ነገር ካየች፣ ያለችበትን ቦታ ከሳተች ወይም ከወደቀች፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዷት። ለተረኛው ሐኪም መጀመሪያ የምትነግሩት የመጨረሻውን መጠጥ መቼ እንደ ጠጣች ነው፤ ቀጥሎ ምን ትጠጣ እንደ ነበርና በቀን ምን ያህል፤ ከዚያ በፊት ወድቃ የምታውቅ ከሆነም እርሱን። አፍራችሁ መጠኑን አታሳንሱ፤ መድኃኒቱ የሚለካው በምትናገሩት ነው።